የአእምሮ ጤና መጠይቅና የኛ «ሐምዱሊላህ»



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ በብዙዎቻችሁ ደጃፍ ያለፈ ጉዳይ ነው። ወረቀት ወይም ታብሌት የያዙ ወጣቶች ወደ ቀበሌው ይመጣሉ፤ አባወራውን ይጠይቃሉ፤ «ለጥናት ነው» ይላሉ። ቀጥለውም ስለ እንቅልፋችሁ፣ ስለ ምግባችሁ፣ ስለ ሐዘናችሁና ስለ ፍርሃታችሁ አንድ በአንድ ይጠይቋችኋል። ትመልሳላችሁ፤ ያመሰግናሉ፤ ይሄዳሉ። ከሄዱ በኋላ ግን ቤተሰቡ እርስ በርሱ መጠያየቅ ይጀምራል። «ምን ሊያደርጉበት ነው? ከሰፈሩ ሁሉ ለምን የኛን ቤት መረጡ? ማን ምን ነግሯቸው ይሆን?» ይባላል። አጥኚዎቹ በጽሑፋቸው ይህን ስሜት «ለመመለስ ፈቃደኛ ያልሆኑ ይህን ያህል በመቶ» ብለው በአንድ መሥመር ያልፉታል። እኔ ግን ቆም ብለን ልንመረምረው ይገባል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም በጥያቄውም በመልሱም ላይ ጉድለት አለ፤ የሁለቱ ጉድለት ሲደመር ደግሞ የሚጎዳው በመካከል ያለው ሕመምተኛ ነው።

እኛ ከግሸን አምባ ግርጌ፣ በአምባሰልና በሐይቅ ዙሪያ የምንኖር ሰዎች መመዝገብ ብርቃችን አይደለም። በ1966ም ሆነ በ1977 ወሎ በተራበ ጊዜ መዝጋቢ የመጣው ለእህል ነበር፤ ስሙ ያልተጻፈ ስፍሩን አላገኘም። ከዚያ በፊትም በኋላም ደግሞ መዝጋቢ የመጣው ለግብር፣ ለመሬትና ለዘመቻ ነበር፤ ስሙ የተጻፈ ከፈለ ወይም ሄደ። እንግዲህ በገበሬው ልብ መዝጋቢ ማለት ወይ ሊሰጥ ወይ ሊወስድ የመጣ ሰው ነው። ለማወቅ ብቻ ብሎ የሚጠይቅ ሦስተኛ ዓይነት መዝጋቢ በአባቶቹ ታሪክ የለም። ስለዚህ የጥናቱ ወጣቶች ሲመጡ ሰዉ ከሁለቱ በአንዱ ይመድባቸዋል። ሊሰጡ መጥተዋል ብሎ ያሰበ ሁሉንም «አዎ፣ አለብኝ» ይላል፤ ሊወስዱ መጥተዋል ብሎ የሰጋ ሁሉንም «የለብኝም» ይላል። በዚህ ላይ በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ሐይቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ያዩትን አየን። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በደሴና በሌሎች የወሎ ከተሞች ሰው ምን ያህል እንደ ተጨነቀ ለማወቅ ልዩ ልዩ ጥናቶች ተደረጉ። በ2015 በክልሉ የተነሳው ግጭት ደግሞ ለማያውቁት ሰው ስም ማስጻፍን ይበልጥ አስፈሪ አደረገው። ይህን ሁሉ ያሳለፈ ሰው ታብሌት ሲያይ ቢደነግጥ ምን ይደንቃል?

የአምባሰል ሰው ጭንቀቱን መናገር አያውቅም የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከየአገሩ ወደ ግሸን ይወጣሉ። ከሚወጣው ሕዝብ መካከል ስለት ያለበት አለ፤ የታመመ ልጁን ደግፎ የሚወጣ አለ፤ የልቡን እያለቀሰ ይናገራል። በእኛም ወገን በወሎ ወዳጃ ላይ ቡናው ፈልቶ ሰው ችግሩን ለጀማዓው ነግሮ ዱዓ ይደረግለታል። (ስለ ወዳጃ ዑለሞቻችን የሚሉት የታወቀ ነው፤ ዛሬ የምከራከርበት ነገር አይደለም።) ልብ በሉ፤ በሁለቱም ስፍራ የተናገረ ሰው ወዲያው አንድ ነገር ይዞ ይመለሳል። አንዱ ተስፋ፣ ሌላው «አሚን» የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ይዞ ይመለሳል። ለመጠይቁ የተናገረ ሰው ምን ይዞ ቀረ? ብዙ ጊዜ ምንም። የቅሬታው ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መጠይቁ ራሱ እንግባ። በአገራችን ብዙ ከተሠራባቸው መጠይቆች አንዱ «ኤስ.አር.ኪው.» የሚባለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሱዳን፣ በሕንድ፣ በኮሎምቢያና በፊሊፒንስ ካካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ከታተመው ጥናት ጋር የወጣ ነው። አጭሩ ቅጂ 20 ጥያቄዎች አሉት፤ ሁሉም «አዎ» ወይም «አይ» ተብለው ይመለሳሉ። የሚጠየቀው ስላለፉት 30 ቀናት ነው። በመጨረሻ «አዎ» የተባሉት ይቆጠራሉ፤ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ያለ ሰው ጭንቀት ወይም ድብርት ሳይኖርበት አይቀርም ተብሎ ይገመታል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ነገር አለ። «የአእምሮ ጤና» ሲባል ሰው ወዲያው ጨርቅ መጣልንና በሰንሰለት መታሰርን ያስባል። መጠይቁ የሚፈልገው ግን በአብዛኛው ቤቱን እየመራ፣ እርሻውን እያረሰ፣ ሶላቱን እየሰገደ በውስጡ የሚንገላታውን ሰው ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ሰው «እብድ» ተብሎ አልተጻፈም፤ ሐኪም ቢያየው መልካም ነው ማለት ብቻ ነው።

«ለምን እኛን?» ለሚለውም መልስ አለው። ቤቶቹ የሚመረጡት በዕጣ ነው። በቤቱ ውስጥ ካሉ አዋቂዎችም አንዱ በዕጣ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ዕጣ የሆነበት ምክንያት ጠያቂው ራሱ ቢመርጥ ለመንገድ የቀረበውን፣ ፊቱ ፈገግ ያለውን፣ ቡና የሚያቀርበውን ቤት ብቻ እንዳይመርጥ ነው። ለዚህ ነው «እኔ አይመቸኝም፤ ጎረቤቴን ጠይቁ» ስትሏቸው እሺ የማይሏችሁ። ይህን በሁለት ዐረፍተ ነገር አስረድቶ መግባት እንዴት ያቅታል? የስንቱን ቤት ጥርጣሬ ያበርድ ነበር!

ወደ ጥያቄዎቹ ስንመጣ ደግሞ ቅር የሚሉኝ አሉ። ስለ ምግብ ፍላጎት የሚጠይቀውን ውሰዱ። በነሐሴ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ አዲሱ እህል ገና ሳይደርስ የተጠየቀ ገበሬ «ፍላጎቱማ መች ጠፋ! የጠፋውስ የሚበላው ነው» ይላል። ይህ መልስ ከሁለቱ ሳጥኖች በየትኛው ይገባል? ስለ እንቅልፍ የሚጠይቀውንም ጠያቂው በአሉታ አድርጎ «እንቅልፍ አይወስድሽም?» ቢላት፣ «አዎ» ስትል «አይወስደኝም» ማለቷ ነው። «አይ» ብትልስ? «አይ፣ ይወስደኛል»ም፣ «አይ፣ አይወስደኝም»ም ሊሆን ይችላል። አማርኛችን እንዲህ ነው፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም። በረዘመው ቅጂ ደግሞ ሊጎዳችሁ የሚፈልግ ሰው አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ። ይህ ጥያቄ የገባው በሌለ ጠላት የሚሰጋን ሕመምተኛ ለመለየት ነው። በ2014 ከቤቱ ሸሽቶ የተመለሰ የውጫሌ ሰው ምን ብሎ ይመልስ? «አዎ» ቢል እውነቱን ነው፤ ሕመምም አይደለም።

ሁሉንም የሚበልጠው ግን ይህ የ30 ቀን ነገር ነው። አስቡት፤ መጠይቁ በሸዋል መጀመሪያ ሳምንት ወደ ቤታችሁ ቢመጣ፣ ያለፉት 30 ቀናት ረመዷን ናቸው። ሌሊቱን ለተራዊሕና ለሱሑር ተነስታችኋል፤ እንቅልፋችሁ ተቆራርጧል። ቀን አልበላችሁም። ከሰዓት በኋላ ራሳችሁን አሟችኋል፤ ድካም ተሰምቷችኋል፤ ሥራ ላይ ማሰብ ከብዷችኋል። በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ደግሞ በሱጁድ ላይ ከወትሮው የበለጠ አልቅሳችኋል። ይህን ሁሉ በሐቅ ብትመልሱ በዒባዳው የበረታው ሰው በወረቀቱ ላይ የባሰበት ሕመምተኛ ሆኖ ይወጣል! ሱብሐነላህ! በዐቢይ ጾም መጨረሻ የሚጠየቅ ክርስቲያን ጎረቤታችንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ታዲያ ስንት ጥናት አድራጊ ነው ሥራውን ሲያቅድ የሂጅራውን ወር ቆጥሮ የሚነሳው?

ይህን የምለው የመድረሳ ሰው ስለ ሆንሁ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከባለ ሙያዎቹ መካከልም ተመሳሳይ ጥርጣሬ ያነሳ አለ። ፍራንክ ኮርትማን የተባለ ሆላንዳዊ ሳይካትሪስት በአገራችን ሠርቶ፣ ይኸው መጠይቅ ለኢትዮጵያውያን ሲቀርብ ሁለት ነገር መረመረ። መላሹ ጥያቄውን ጠያቂው ባሰበው መንገድ ተረድቶታል ወይ? ደግሞስ እንዲያ ወይም እንዲህ ብሎ እንዲመልስ የገፋፋው ምንድር ነው? ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1988 በብሪታንያ የሳይካትሪ መጽሔት ያወጣው ውጤት መጠይቁን የሚያኮራ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች ተመራማሪዎች መጠይቆቹን በአገራችን ደጋግመው ፈትሸዋል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ያም ሆኖ በወረቀት የተፈተሸ ጥያቄ በደከመውና በቸኮለ ጠያቂ አፍ ሲወጣ ሌላ ጥያቄ ሆኖ ይቀራል።

እስካሁን የጠያቂውን ወገን ተናገርሁ። አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ።

በአገራችን ሰላምታ ረጅም ነው። «እንዴት አደራችሁ? ደኅና ናችሁ? ልጆቹስ? ከብቱስ? አዝመራውስ?» ይባላል። መልሱ ግን አንድ ነው፤ «አልሐምዱሊላህ»። ልጁን ትናንት የቀበረ አባት እንኳ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ይህ ከኢማናችን የመጣ ውብ አደብ ነው፤ ማንም እንዲያስጥለን አልፈልግም። ነገር ግን ጠያቂዋ ልጅ «ባለፈው ወር ሐዘን ተሰምቶዎታል?» ስትል «ኧረ ሐምዱሊላህ!» ብለን ስንመልስ ለየትኛው ጥያቄ ነው የመለስነው? እርሷ የጠየቀችው ስለ ጌታችን ውሳኔ አልነበረም። ስለ እኛ እንቅልፍ፣ ስለ እኛ ደረት፣ ስለ እኛ ዕንባ ነበር። ልጅቷ «አይ» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጋ ታልፋለች። ምስጋናችን በሰማይ ምስጋና ሆኖ ይጻፍ ይሆናል፤ በወረቀቱ ላይ ግን ሐሰት ሆኖ ተጽፏል።

«ሕመምን መናገር በአላህ ላይ ማማረር ነው፤ ሰብርን ያጎድላል» የሚል አስተሳሰብ በብዙዎቻችን ዘንድ ሥር ሰድዷል። እስቲ እንመልከተው። ነቢዩላህ የዕቁብ በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ደርሰዋል፤ ቁርኣን ግን ይህን አልደበቀባቸውም፤ ሰብራቸውንም አላጎደለባቸውም። ነቢዩላህ አዩብ ጉዳት እንዳገኛቸው ለጌታቸው ተናግረዋል፤ ሆኖም የሰብር አርአያ ናቸው። «እነርሱ ለአላህ ነው የተናገሩት» ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በቡኻሪ ዘገባ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ራሷን አሟት ስታሰማ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የራሳቸውን የራስ ሕመም ነግረዋታል። ሰው ለሰው «አመመኝ» ማለቱ በራሱ ማማረር ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር። (የዚያ የ20 ጥያቄ መጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ራስ ምታት መሆኑን ልብ ይሏል።) ማማረር «ይህ ለምን በእኔ ላይ ተወሰነ» ማለት ነው፤ «ሌሊት አልተኛም» ማለት ወሬ መንገር ነው።

ሌላም አለ። «ዋጋ ቢስ እንደ ሆንህ ይሰማሃልን?» ሲባል ከሸኾቻችን አንዱ ቢጠየቁ ያለ ማመንታት «አዎን፣ እኔ ምን ዋጋ አለኝ!» ይላሉ። ይህ ተዋዱዕ ነው። አንዲት ሦስት ልጆች ወልዳ የተፈታች ወጣት ግን ያንኑ ቃል ስትል ሌላ ነገር እየነገረችን ነው። ቃሉ አንድ፣ ጓዳው ሁለት። ይህን መለየት የጠያቂው ሥራ ነው፤ ነገር ግን መላሹም «ይህን ያልሁት ራሴን ዝቅ ለማድረግ ነው» ወይም «ይህን ያልሁት ከልቤ ስለ ከፋኝ ነው» ብሎ ቢጨምርበት ማን ይከለክለዋል? ጠያቂው ሁለት ሳጥን ብቻ ይዞ ስለ መጣ እኛም ሁለት ቃል ብቻ ማውጣት የለብንም።

ከሁሉም የሚያስደነግጠን ግን ሕይወትን ስለ ማጥፋት ማሰብን የሚመለከተው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ ሲነሳ ቤቱ ሁሉ «አዑዙ ቢላህ!» ይላል። አንዳንዱ ጠያቂውን ሊያስወጣ ይነሳል፤ «ሟርት ይዘህብን መጣህ» የሚልም አለ። ስሜቱ ይገባኛል፤ ድርጊቱ በዲናችን ከታላላቅ ወንጀሎች የሚቆጠር ነውና። እናቶቻችን ደግሞ ሲከፋቸው «ምነው ሞቼ ባረፍሁ» ማለት ልማዳቸው ነው፤ ሞትን መመኘት በሐዲስ መከልከሉን እየሰሙ ከአፋቸው ያመልጣቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የድካም ቃል እንጂ ሌላ አይደለም። ይሁንና «አዑዙ ቢላህ» የምንለው ለኃጢአቱ ነው። ጥያቄው ግን «ይህ ይፈቀዳልን?» አላለም፤ «ይህ ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃልን?» ነው ያለው። የመጣበት ሰው አለ ወይስ የለም?

ለዚህ መልስ የሚሆን ከአገራችን የተገኘ ማስረጃ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረው የጤና ምርምር አለ። በዚያው ስፍራ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤት ለቤት ጥናት አድርገው 10,468 አዋቂዎችን ጠየቁ። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 74 በመቶው ሙስሊሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመው ውጤት መሠረት ከተጠየቁት 3.2 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው እንደ ነበር ተናገሩ። ይህ ከሦስት መቶ ሰው በላይ ነው! ይህን ያህል ሰው ለቤተሰቡ ያልነገረውን ሊሆን ይችላል፣ ለማያውቀው ጠያቂ ነገረ። እኔ ይህን ቁጥር ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ «ከእነዚህ ስንቶቹ በጁሙዓ ከአጠገባችን ተሰልፈው ነበር?» የሚል ነው። እኛ ጥያቄውን እንደ ስድብ ስንቆጥረው፣ እነርሱ ምናልባት ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የነበረ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ስለ ጉዳዩ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ እንደማይተክልም የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ «ሟርት» የምንለው ፍርሃት መሠረት የለውም።

ወደ ሌላው ፍርሃት ልለፍ፤ እርሱም ሐሜትና ስም መጥፋት ነው። በቡታጅራ ከባድ ሕመም ያለባቸውን ለማግኘት ከ1998 እስከ 2001 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ሰፊ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ተፈትሸዋል። ቤት ለቤት ከመጠየቅ ሌላ የአካባቢውን ሁኔታ የሚያውቁ ሰዎች «በዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ማን ነው?» ተብለው ተጠይቀዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤተሰቡ የደበቀውን ጎረቤት ያውቀዋል። በእኛ አካባቢ እንዲህ ቢጠየቅ ግን አላህን የሚፈራ ሽማግሌ «ይህ ጊባ አይደለም ወይ?» ብሎ ቢያመነታ ልክ ነው። ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን የሰውን ነውር ማንሳት ለሸሪዓዊ ዓላማ የሚፈቀድባቸውን ስድስት ምክንያቶች ዘርዝረዋል፤ ጉዳትን ለማስወገድ እርዳታ መጠየቅም በዚያ መንፈስ የሚታይ ይመስለኛል። የታመመን ሰው ስም ለሚያክም፣ ምስጢርም ለሚጠብቅ ሰው ብቻ፣ በሹክሹክታ መንገር እርዳታ መጥራት ነው። ያንኑ ስም በሻይ ቤት ማንሳት ግን ጊባ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው አስቀድመው «ይህን ስም ማን ያየዋል? ምን ታደርጉለታላችሁ?» ብለው ጠያቂውን ይጠይቁ፤ ጥሩ መልስ ካላገኙ ዝም ይበሉ።

ቤተሰብ ለምን እንደሚደብቅ ማንም ያውቀዋል። ሴት ልጁን ሊድር ያሰበ አባት «ዘራቸው ውስጥ ሕመም አለ» መባልን ከራሱ ሕመም በላይ ይፈራል። በዚያው በቡታጅራ የሕመምተኛ ዘመዶች የሆኑ 178 ሰዎች ተጠይቀው ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደ ደረሰባቸው፣ ከሦስት አንድ የሚሆኑት ደግሞ ሕመሙን ለመደበቅ እንደ ሞከሩ ተናግረዋል። በሕክምና ረገድ ከፍ ያለ ቁጥር ያገኘው ጸሎት ነበር። ዱዓና ሩቅያ መልካም ናቸው፤ እኔም ለጠየቀኝ እቀራለሁ። ግን መድኃኒት መፈለግንም ያዘዙን እነዚያው ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። እኛ እኮ በሐለብ እ.ኤ.አ. በ1354 ተሠርቶ የአእምሮ ሕመምተኞች በሚፈስስ ውሃ ድምፅ መካከል ይታከሙበት የነበረውን የአርጉን ቢማሪስታን እያነሳን በየመድረኩ የምንኮራ ሰዎች ነን። በጓዳችን ያለውን ሰው ግን እንደብቃለን። ይህ ኩራት ለማን ይጠቅማል?

አሁን ከጠያቂዎቹ ጋር ልጨርስ፤ ምክንያቱም ትልቁ ሸክም የእነርሱ ነው። በአውስትራሊያ ሰዎች የአእምሮ ጤና መጠይቅ ሲሞሉ ምን እንደሚሰማቸው ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል፤ በጥያቄዎቹ የተጨነቁት ጥቂቶች ብቻ እንደ ነበሩ ተገኝቷል። ይህን አምናለሁ። ነገር ግን የአውስትራሊያው ሰው በሩን ዘግቶ ብቻውን ነው የሚሞላው፤ ቢጨነቅም ሐኪም በስልክ ይጠራል። በእኛ አገር ወጣት ወንድ መጥቶ ምራትን በአማቷና በባሏ ፊት «ታለቅሻለሽ ወይ?» ይላታል። ምን ልትለው ኖሯል? ልጆች ዙሪያውን ከበው እየሳቁ፣ እትዬ እገሌ ጎረቤቷ ቡና ልትጠጣ መጥታ ተቀምጣ፣ «ምስጢርዎ የተጠበቀ ነው» ተብሎ ይነበባል! «መብትዎ ነው፣ እንቢ ማለት ይችላሉ» የሚለውም ወረቀት እንዲሁ ነው። ከቀበሌ ሰው ጋር የመጣን ጠያቂ እንቢ ብል ማዳበሪያ ይቀርብኛል ብሎ የሚሰጋ ገበሬ ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትማል፤ ያ ፈቃድ ነው ይባላል።

ሴትን ሴት ትጠይቃት። ከሰው ገለል ብለው በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጡ። ጊዜው አዝመራ የሚሰበሰብበት፣ ገበያ የሚዋልበት ወይም ወዲያው ከረመዷን በኋላ አይሁን። ጠያቂዋ ያገሬውን ቃል ትወቅ፤ «ሆድ ባሰኝ» ያለችን ሴት የሆድ ሕመምተኛ አድርጋ እንዳትጽፋት። ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣኝ ተመልሶ አለመምጣት ነው። ሰው ምስጢሩን ሲሰጥ አማና ሰጥቷል። አማና የተቀበለ ሰው ቢያንስ «ደረሰ» ብሎ ይመለሳል። ከስንት ቀበሌ የተሰበሰበው መልስ የማስተርስ ጽሑፍ ሆኖ፣ በእንግሊዝኛ ታትሞ፣ መላሾቹ ሳያዩት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በቡታጅራ የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ከጥናቱ ጋር ተያይዞ በቡታጅራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች የሚሠሩበት የተመላላሽ ሕክምና ተከፈተ። በጥናቱ ከተገኙት ሕመምተኞች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ለረጅም ዘመን አንድ ሰው የአእምሮ ሕክምና ፈልጎ የሚሄደው በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ተከፈተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። አሁን በደሴ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ስለዚህ በአምባሰል ቤት ለቤት የሚዞር ጠያቂ ቢያንስ «ከባሰዎት ደሴ እንዲህ ያለ ክፍል አለ፤ የሚሄዱበት ወረቀት ይኸው» ማለት ይችላል። ይህንንም ካላለ የጠየቀው ለራሱ ነው።

ታዲያ እኛስ እንመልስ ወይስ እንቢ እንበል? እንቢ ማለት መብታችን ነው፤ ሲከፋን ከመካከሉም ማቋረጥ እንችላለን፤ ማዳበሪያም አይቀርብንም። ከመለስን ግን እውነቱን እንመልስ፤ እርዳታ ይሰጡ ይሆናል ብለን ያልታመምነውን አንታመም፤ ሐፍረት ይዞን ያለብንን አንካድ። የተጠየቀውንም ራሱ ይመልስ። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ግን አባወራው ስለ ሚስቱ እንቅልፍ፣ አማት ስለ ምራቷ ዕንባ ሲመልሱ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ገና ጥያቄው ሳይጀመር የሚሆነው ነው። ጠያቂዋ ዕጣ ለማውጣት «በዚህ ቤት ስንት አዋቂ ሰው ይኖራል?» ትላለች። አባትየው በጓዳ ያለውን ልጁን ሳይቆጥር «አራት ነን» ይላል። አምስተኛው የመጋረጃው ጫፍ ሲንቀሳቀስ ይሰማል፤ ዕጣውም በአራቱ መካከል ይወጣል።